ሳልጨምር ሳልቀንስ

ቀኝ እጄን አንሥቼ ማልኩኝ ለችሎቱ፣
አንድ ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ከፊቱ፤
የሰው አፍ ልሆን ነው የራሴን ዘግቼ፣
በሰዓት ተከፍሎኝ፣ ከረባት ገዝቼ።
ጥር ነው፣ ዊኒፔግ። ውጭ ሠላሳ ሁለት
ከዜሮ በታች ነው፤ መስኮቱ የበረዶ ጥለት።

ተከሳሽ ተነሣ። ስሙ ልሳነወርቅ
(ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፣ እናቱ ትጠየቅ)።
ቅዳሜ ቅዳሜ በራዲዮ ያወራል፣
ዘፈን ይጋብዛል፣ ቀብር ይናገራል፣
መካከል ላይ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
እንደ ደግ ጎረቤት መልካምህን ፈልጎ፦
«ጤፍህ እንዲያምርልህ አረሙን ንቀል» አለ።
ጠበቃው፦ «የእርሻ ምክር ነው፤ ከዚህ ሌላ ምን አለ?»

በሳርጀንት ጎዳና፣ እሑድ ሊነጋጋ፣
ከይመኙሻል ልብስ ስፌት ደጃፍ አንዱ ተጠጋ፤
በረዶ ያዘለውን መስታወት በጣቱ
«አረም» ብሎ ጽፎ ሄደ ወደ ቤቱ።
ሦስት ፊደል ብቻ። ፀሐይዋ ስትወጣ
ቀለጠ፣ ፈሰሰ፤ ማስረጃውም ታጣ።
እሷ ግን እስከ ዛሬ፣ መርፌ ላይ ክር ስትሰካ፣
ቀና ትላለች ደንግጣ፣ በሩ በተነካ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ ቀስ ብለው፦
«አቶ ተርጓሚ፣ ይህ ቃል በቋንቋችሁ ምንድን ነው?»

ምንድን ነው?
ሰሙ እርሻ ነው። ወርቁ…
ወርቁን ልናገር አልማልኩም።

ወንድሜ ማስረሻ፣ ያኔ ባገራችን፣
አንድ ቀልድ ቀለደ፣ ሠርግ ቤት፣ መሀላችን፤
«ነቀዝ በዛ» ብሎ፣ ለሽምብራው አዝኖ፤
አንዱ ወርቁን ፈታው፣ ጆሮ ጠቢ ሆኖ።
ሕጉም «ጥላቻ» ነበር የዚያን ጊዜ ስሙ፤
ሰባት ዓመት በላችው ሽምብራዋ፣ ከነሰሙ።
ያን ፈቺ ስረግመው ኖርሁ ዕድሜዬን ሙሉ፤
ዛሬ ማይክሮፎኑ ፊቴ ነው፣ «ፍታው!» እያሉ።

ግን ደግሞ አይቻለሁ
ከጥይቱ ቀድሞ የደረሰ ቃል፤
ጎረቤት የጎረቤቱን ስም ሲቀይር፣
መጀመሪያ ነቀዝ፣ ቀጥሎ አረም ብሎ፣
ማጭድ ሲያነሣ፣ «አጨዳ ደረሰ» ብሎ።
(ነቀዝ? ማስረሻስ ያኔ ማንን ነበር ያለው?
እስካሁን አልጠየቅሁትም።)

ዴሞክራሲ ብለን ስንከፍት አፍ ሁሉን፣
አንዱ አፍ ሌላውን ይውጣል፤ ስንዘጋስ፣ ማን ይያዝ ቁልፉን?
ወደ ደቡብ ሲነዱ፣ አንድ ሰዓት፣ ከድንበር ማዶ፣
ይኸው ቃል በነፃ ይሄዳል፤ ያው ሜዳ፣ ያው በረዶ።

ውሃ ጠየቅሁ። ጠጣሁ።
«ክብርት ዳኛ፣ ቃሉ አረም ነው።
ሰው ስለ አረም ሲያወራ፣ ስለ አረም ሊሆን ይችላል።
በራዲዮ፣ በዚያ ድምፅ፣ በዚያ ሳምንት ግን፣ አይደለም።»
መዝገብ ላይ ሠፈረ።
ጨመርሁ ይሆን? ቀነስሁ?

ማታ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኘሁት፣ ኮፍያ የለውም።
«እንዴት ዋልክ?» አለኝ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።
በዚህ ከተማ በጥር ቃል ከአፍ ሲወጣ
በዓይን ይታያል፣ ነጭ ሆኖ። የሱ ታየ።
«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፤ የኔም ታየ።
ነፋስ ደባለቃቸው። የቱ የማን እንደ ነበር
የጠየቀኝ የለም።
አውቶቡሱም ዘገየ።