የዶን ኤቫሪስቶ ሚስማር

ሁለት ጎረምሶች፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች፣
ጠረጴዛ ተሸክመው፣ በቫልፓራይሶ ደረጃዎች
እያለከለኩ መጡ። ኋላቸው ሴኞራ ኦርቴንሲያ፣
በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ በሌላው አንዲት መሳቢያ።
«ይወዛወዛል» አለች፤ «ሾርባ ይደፋል ልጆች ላይ፤
አርባ ዓመት ታገሥኩት፤ በቃኝ የዚህ እግር ሥቃይ።
ቀለሙንም አንሣልኝ፤ ቀብተነዋል ደጋግመን፤
ከሥር ምን እንደነበር እኛም ራሳችን ረሳን።»

ነጩን ፋቅሁት፤ አረንጓዴ ከሥሩ ብቅ አለ፤
አረንጓዴውን ስፍቅ ሰማያዊ ተከተለ፤
የመርከብ ቀለም፤ ወደብ የሚውል አባወራ ሁሉ
በጣሳ ሸሽጎ የሚያመጣው፣ «የተረፈ ነው» ሲሉ።
ከዚያ እንጨቱ ራሱ፦ ራውሊ የሚሉት የደቡብ ዛፍ፣
ቀላ ብሎ፣ ዓይኑን አሽቶ፣ ልክ እንደነቃ ከእንቅልፍ።

ዶን ኤቫሪስቶ ነው ሙያውን ያስተማረኝ፤
ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር እናቴ ስታስረክበኝ።
ጆሮው ላይ ሲጋራ፣ ከንፈሩ ላይ እርሳስ፤
ያምታታቸዋል አንዳንዴ፤ እርሳሱን ሲለኩስ
አይተን እንሥቃለን። በሚስማር ግን ቀልድ የለም።
«ሚስማር» ይላል፣ «የቸኮለ ሰው ቃል ነው፤ አይጸናም።
እንጨት ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤
ብረት ግን አይሰማውም፤ ቆሞ ይሰነጥቀዋል።
ሙጫ አፍላ። እሰር። አንድ ሌሊት አሳድረው።
መቸኮል ካማረህ ዓሣ ሽጥ፤ እሱ ነው የማያድረው!»

አንድ ቀን ተደብቄ ለአንዲት ስብራታም በርጩማ
ሁለት ሚስማር መታሁ። ከመንገድ ማዶ ሰማ።
በጉጠት ነቅሎ መዳፌ ላይ አኖራቸው፤
ሦስት ቀን ዘጋኝ። ሁለቱም አሉኝ፤ አልጣልኳቸው።

እንግዲህ
ያ የላላው እግር። ሙጫውን በሞቀ ውሃ አራስኩት፤
በእንጨት መዶሻ ነካ ነካ፣ ወዝወዝ አድርጌ ሳብኩት።
እምቢ አለ።
እምቢ የሚል እግር ምስጢር አለው። መብራቴን አበራሁ፤
ከጠረጴዛው ሥር፣ እንደ መኪና ሠሪ፣ በጀርባዬ ገባሁ።
ከመገጣጠሚያው መሐል
የዛገ ሚስማር፤ ራሱ በሰም ተሸፍኗል።
ከጎኑ በእርሳስ ስሙ፣ ከነጅራቱ፣ እሱ ብቻ እንደሚጽፈው፤
ከሥሩም ቀን፦ ምድር በተናወጠች በሦስተኛው።

መጀመሪያ ሣቅሁ፣ እዚያው ወለል ላይ ተንጋልዬ፤
«አንተ ቀጣፊ ሽማግሌ! አንተ ጉደኛ ጌታዬ!»
ቀጥሎ ተናደድኩ። ከዚያ የሆነ ነገር ከነከነኝ፦
የሚደብቅ ሰው ስሙን ይጽፋል? ቀኑንስ? አልገባ አለኝ።

በማግስቱ ሴኞራ መጣች፤ ነቅዬ መዳፏ ላይ ጣልኩ።
«ይኼን የመታው ማነው?» ብዬ፣ እያወቅኩ ጠየቅኩ።
«ኦ፣ እሱማ» አለች፣ ወንበር ስባ ተቀምጣ፤
«ቤታችን ወድቆ፣ ይኼ ነው ከፍርስራሹ የወጣ፣
እግሩ ተገንጥሎ። አባቴም ወጣ፤ ጊዜው ግን አልፎ።
ሣጥን የለም በከተማው፤ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ረግፎ።
‹ባሌን መሬት ላይ አላስተኛም› አለች እናቴ፤ መሬትን ጠልታ ነበረ።
ያ ሰው ፋኖስ ይዞ መጣ፣ መታው፤ ጠረጴዛው አባቴን ተሸክሞ አደረ።
‹ሙጫ ሌሊት ይፈልጋል፤ ሙት ግን አይጠብቅም› አለን፤
‹ሲረጋጋ አምጡልኝ፣ በወጉ እሠራዋለሁ› ብሎን።
አላመጣነውም። ማን ተረጋጋ?
ይወዛወዝ እንጂ ቆሞ ነበር፤ እኛም እንዲሁ ነበርን።»

ለካስ ያ ፊርማ የዕዳ ወረቀት ነው፤
እንጨት ላይ ተጽፎ፣ ከፋዩን አርባ ዓመት የጠበቀው።

ከፈልኩለት። ማደሪያውን ጠርቤ አዲስ ምላስ ገጠምኩ፤
ሙጫ አፈላሁ፣ በገመድ አሰርኩ፣ አንድ ሌሊት አሳደርኩ።
ሰም ቀባሁት፣ ወለወልኩት፣ ብርሃን እስኪዋኝበት ድረስ፤
ብርጭቆ ወረቀቴ ሁሉን ነካ፤ ተዋት ያችን እርሳስ።

ሚስማሩ ከሁለቱ ጋር ነው፣ በትምባሆ ቆርቆሮ።

ትናንት ተለማማጄ ሌአንድሮ፣ ልጅ ነው፣ ችኩል፣
የወንበር እግር ይዞ «ሚስማር ብመታበትስ?» ሲል፣
አፌን ከፈትኩ፣ ታሪኩን ላወራ።
ዘጋሁት።
«ሚስማር» አልኩ፣ «የቸኮለ ሰው ቃል ነው።
ሙጫ አፍላ። እሰር። አንድ ሌሊት አሳድረው።»
ቆርቆሮው መደርደሪያው ላይ ነው። ክዳኑ ላላ ያለ ነው።