ግልባጭ ለመዝገብ ቤት

ሃምቡርግ ስደርስ ኅዳር ነው፤ ወደቡ ጭጋግ ጠጥቶ፣
መርከብ ሁሉ ድምፅ ብቻ፣ አካሉ ከዓይን ጠፍቶ።
ቢሮውን በፊርማ ተረከብኩ፤ አንድ በአንድ፣ በዝርዝር፦
ሁለት ማኅተም፣ አንድ ባንዲራ፣ የጽሕፈት መኪና፣ ወንበር
አንድ እግሩ የተሰበረ፣ በመዝገብ የተደገፈ፣
የአየር መንገድ ቀን መቁጠሪያ፣ ዓመቱ አምና ያለፈ።

በርክክቡ ያልተጻፈ፣ ከመሳቢያው ሥር የቀረ፣
አንድ አቃፊ ደግሞ ነበር፣ በነጭ ክር የታሰረ።
«የግል» ይላል ሽፋኑ፣ በደበዘዘ ቀይ እርሳስ፤
«መክፈት አይገባኝም» ብዬ፣ አደርኩ እስኪነጋ ድረስ።

ሲነጋ ከፈትኩት።

አቶ እንግዳሸት ዘለቀ፣ ከእኔ በፊት የነበሩት፣
በካርቦን ወረቀት ደርበው፣ ለሚስታቸው የጻፉት።
ልማድ ነው መቼም፤ ለሚስት እንኳ ናፍቆት ሲጽፉ፣
ግልባጭ ለመዝገብ ቤት ሳያስቀሩ አያልፉ።

«ይድረስ ለወይዘሮ አሰገደች። ለጤናሽ እንደምን አለሽ?
እኔ ደኅና ነኝ። የላክሽው በርበሬ ጉምሩክ ላይ ቀረብሽ፤
አሸተቱት፣ አስነጠሳቸው፣ ከጓሮ ወስደው አቃጠሉት፤
እኔም በማዕረጌ ቆሜ፣ ‹ሕግ ነው› አልኩ ሲያነዱት።
የአጥሩን ነገር ወንድምሽ በሽማግሌ ይጨርስ፣ አይማታ፤
ለሦስት ክንድ መሬት ብለን፣ እሳት የሚጫጫሩት ሰው አይታጣ ማታ ማታ።
ቆንስል ትልቅ ሰው ነው ብለሽ፣ ለማኅበርተኛ አታውሪ፤
ሲነጋ የጭነት ወረቀት አታሚ፣
ሲመሽ እንቁላል ጠባሽ ነው፤ እንዳታፍሪ።
አከራዬ ሴትዮ ፒተርሰን፣ ገላ መታጠብ በሳምንት አንዴ ትፈቅዳለች፤
ሁለተኛ ውሃ ሲወርድ ከሰማች፣ ቆጣሪውን ልታይ ትወጣለች።»

እያነበብኩ ሳቅሁ። ሳቄ ግን ከየካቲት አልዘለለም፤
ከየካቲት ወዲህ ያለው፣ ያው እጅ ነው፣ ያው ሰው አይደለም።

«አሰገደች፣ ዛሬስ ጤናሽን አልጠይቅም፤ ይቅር በይ።
ሑመድ ያዮ የሚባል የአሰብ ልጅ፣ መርከበኛ፣ ከመሰላል ላይ
ወድቆ ሞተ። ብርዱ ነው፤ ብረቱን መስታወት አድርጎት።
ፊቱን ገልጬ ‹እሱ ነው› ብዬ፣ በሦስት ቅጂ ፈረምኩለት።
ሻንጣውን ዘርዝር ተባልኩ፦ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ምላጭ፣
ለእናቱ የገዛው ጫማ፣ ሰማያዊ፣ ብልጭልጭ፤
በግራው ውስጥ አንድ ክር፣ በእግሯ ልክ የተለካ።
ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ቁጥር ሰጠሁት፤ ማኅተሙ ወረቀት ነካ፦
‹በደረሰው አደጋ የተሰማንን ኀዘን እንገልጻለን።›
እንገልጻለን! እኛ ማን ነን? እኔና ማኅተሙ ነን።
እናቱ አማርኛ አትሰማም፤ ሰው ተፈልጎ ይነበብላታል፤
‹የተሰማንን ኀዘን› የሚለው፣ በአፋርኛ ምን ይባላል?
ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ፣ እፍ፣ እፍ አልኩበት፤
ያን ትንፋሽ ነው የማፍርበት።
ጫማውን ከዝርዝሩ አወጣሁ። ወንጀል ነው፤ አውቃለሁ።
በመርከቡ ወጥ ቤት እጅ፣ ያለ ቁጥር፣ ልኬዋለሁ።
እኔ ደኅና ነኝ።»

ወረቀቱን ወደ መስኮት አቀናሁት። የካርቦን ሐምራዊ የለውም።
ጥቁር የሪባን ቀለም ነው። ዋናው ነው። አልሄደም።
የመጋቢትም፣ የሚያዝያም፣ የሰኔም እንዲሁ፤
ቴምብር ተለጥፎባቸው፣ መሳቢያ ውስጥ ሰነበቱ።
አንዳንዱ አንድ መስመር ብቻ፤ እኔ ደኅና ነኝ፣ ቀን፣ ፊርማ።
ወይዘሮ አሰገደች፣ እንግዲህ፣ ይህን ሁሉ አልሰማችማ።

ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው፤ ባልና ሚስት ባንድ ጣራ፤
ምናልባት አሁን እሱ ጋዜጣ ያነባል፣ እሷ ምስር ትለቅማለች፣
ስለ አጥሩ እያወራ።
ልላክላቸው? ለማን ብዬ? በየትኛው ቁጥር?
ልመልሰው ብዬ አጥፌ፣ እንደነበረው ላስር

ክሩን ሳነሣ፣ ሁለት ቋጠሮ በጣቴ መጣ።
ማስመሪያ ከጠረጴዛ አነሣሁ፤
ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ፣ ሃያ ሦስት ሳንቲ ሜትር ወጣ።

የርክክቡን ቅጽ ዘረጋሁ፤ ከወንበሩ በታች፣
በራሴ እጅ ጨመርኩ፦
ክር፣ ነጭ፣ አንድ።