ንፋሱ ነው

ምድር በሚያልቅበት፣ በፑንታ አሬናስ፣
ገመድ ይወጠራል፣ ሰው እንዳይወስድ ንፋስ።
ዓይኑ የቀላ ወንድ "ምን ሆነህ?" ቢሉት እዚያ፣
"ንፋሱ ነው" ይላል፤ አያጣም መሸሸጊያ።
አባቴም እንዲያ አለ፣ ጀልባው የሰጠመ ለት፤
እኔም ብያለሁ፣ እሱን የቀበርኩ ለት።

ዛሬ ስምንተኛ "ሀ"፣ ኒባልዶ ተነሥቶ
ስለ ሞተ ውሻው ያነብ ጀመር፣ ጽፎ አምጥቶ፤
ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፁ አልወጣ አለው።
"ንፋሱ ነው" አለ።
መስኮቱ ዝግ ነበር።

ሄድኩኝ ወደ መስኮት፣ እጀታውን ያዝኩት፣
ንፋስ ላበድረው፣ ሰበቡን ላድንለት፤
ተውኩት።
"እዚህ ንፋስ የለም" አልኩት ቀስ ብዬ።

ከኋላ ወንበር ላይ፣ ከረዥም ዝምታ፣
ባልታሳር፣ ያ ቦርሳ ነጣቂ፣ የክፍሉ ጌታ፣
"እኔም ነበረችኝ" አለ፣ "ስሟ ፔሎታ።
የአንገቷ ገመድ ዛሬም ትራሴ ሥር አለ።"
ማንም አልሳቀበት፤ አንዱ ብቻ ሳለ።

ደወሉ ተደውሎ ወጡ ወደ ንፋሱ፣
ገመዱን ጨብጠው፣ ኮሌታ እየነከሱ፤
ኒባልዶ በአንድ እጁ የባልታሳርን እጅጌ ይዟል፣
ወይ ባልታሳር የእሱን፤ ከዚህ አይለይም።
መስኮቱን አልከፈትኩም።