ሦስት ሃይላንድ

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል፣ ዶሮ ገና ሳይደግም፣
ባጃጄን አስነሳለሁ፣ ብርድ ይዟት ስታዘግም፤
ማርቆስ ተኝታለች። ከኋላ ወንበር ሦስት ሃይላንድ ተደርድረው
እንደ ተሳፋሪ ይናጣሉ፣ ሒሳብ ሳይከፍሉ፣ ዝም ብለው።

አንደኛው ውሃ ብቻ።
ሁለተኛው ማር በውሃ፣ ጨው በጣት የተቆነጠረበት፤
ሦስተኛው በሶ ነው፣ ቀጥኖ የተበጠበጠ፣ እየሮጡ የሚጠጡት።

ከጨሞጋ ድልድይ ጥግ የመጀመሪያውን አኖራለሁ፤
ሁለተኛውን ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ቀይ ክር አስርበታለሁ፤
ወደ አማኑኤል ስዘልቅ ነጭ የተቀባች ድንጋይ አለች፣
ሦስተኛውን ከጀርባዋ በሣር ሸፍኜ
እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አይቼ እመለሳለሁ።

የአክስቴ ልጅ ትሁኔ ናት ሯጯ።
ድሮ እስቅባት ነበር፦
"ሯጭ ደግሞ ውሃ ምኑ ነው? ሆድሽ እንደ እንስራ ሊንቦጫቦጭ?"
እሷም ትኮራ ነበር፤ ዐሥር ኪሎ ሜትር ሮጣ፣
ከንፈሯ እንደ ኖራ ነጥቶ፣ "ጠብታ አልቀመስኩም!" ብላ ስትመጣ፣
ጥማቷን እንደ ሜዳልያ አንገቷ ላይ አጥልቃ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤
ውሃ ማጣትም እንደዚያው። ዐሥር ላይ ቀልድ ይመስላል፤
ዐሥራ ስድስት ላይ ሽንት እንደ ጠላ ይጠቁራል፣ ራስ ይወቅራል፤
ሃያ ላይ የገዛ እግር የሰው እግር ይሆናል።

አሰልጣኙ ስሙ ጥጋቤ፣ አካሉ ግን ክር፣
"ሳይጠማሽ ጠጪ" አላት፤ "ሲጠማሽማ መሽቷል።
ሳይርብሽ ቅመሺ። ሆድም እንደ እግር ልምምድ ይሻል፤
ዛሬ ሁለት ጉንጭ፣ በሳምንቱ ሦስት።
በውድድር ቀን አዲስ ነገር የሚቀምስ
በሠርጉ ጠዋት ጫማ የሚለካ ሙሽራ ነው።"
ልንሄድ ስንነሳ ጠራን፤ "ውሃ ብቻውን በዝቶም ያዞራል፣ ጨውን አትርሱ።"

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ።
ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ አፏን አትሽርም፤
ረጅሙን ሩጫ ለቅዳሜ ተውነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ውሃ አይጾምም።
ማሩም የጾም፣ በሶውም የጾም፤ አክስቴ ይህን ስትሰማ
"እግዜር ሯጭንም አስቦ ነው ለካ" አለች።

የሃያ አራቱ ቀን ግን
ባሕር ዛፉ ሥር ክሩ ብቻ ቀርቷል፤
ተፈትቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ጠጠር ተጭኖበታል።
እኔ ስደርስ መንገድ ዳር ተቀምጣ ጣቷን ትቆጥራለች፣
አራት ይመጣላታል፣ አምስተኛው ይጠፋታል፤
ጠራችኝም፣ በወንድሜ ስም።

ሦስተኛውን ፈልጌ አመጣሁ። በሶውን በክዳን፣ በክዳን አጠጣኋት፤
በአንዴ ብትጨልጠው ትመልሰዋለች።
በሦስተኛው ክዳን ፀሐይዋን ሰደበች፣
በሰባተኛው እኔን፤
ያኔ እንደዳነች ገባኝ።

በሳምንቱ እዚያው ግንድ ሥር ባዶው ሃይላንድ ቆሞ ጠበቀኝ፤
ታጥቧል። አፉ በቅጠል ተወትፏል፣
ውስጡ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ።
ማን ይሆን? ከገበያ የሚመለስ? እንጨት ተሸክማ የወረደች?
ውሃ ነው ብሎ ማር ሲያገኝ ምን አለ?
ቃል የለ፣ ስም የለ፣ ቆሎ ብቻ።

ትሁኔ እየሮጠች ቆሎ አትቆረጥምም፣ ጥጋቤ ከልክሏል።
እኔ ቆረጠምኩት፣ መሪዬን እንደያዝኩ፤
ከሌሊት ጀምሮ እህል ውሃ እንዳልቀመስኩ
ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

አሁን ሃያ ስምንት ገብታለች፣ ሃይላንዶቹም አራት ሆነዋል።
አራተኛው ክር የለውም፣ ሣርም አላለብሰው፤
ከግንዱ ፊት ለፊት፣ መንገደኛ ሁሉ እንዲያየው፣
ማርና ጨው አርጌ አቆመዋለሁ።
አንዳንዴ ስመለስ እንደሞላ ነው፣ አንዳንዴ ክዳኑ ብቻ።
ያለፈው ቅዳሜ ሁለት ጉንጭ ብቻ ጎድሎ አገኘሁት፤
ጥጋቤ ያሠለጠነው ይመስል።