ሌላ ካለ ይገለጽ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያልቅ፣
ኮንዶሚኒየሙ ጀርባውን ሰጥቶ ሲርቅ፣
ባጃጁ አወረደኝ ጭቃው አፋፍ ላይ፣
ሠላሳ ሁለት ጥያቄ ይዤ፣ ለውጥ እንዲታይ።

ቦኖው ቆሟል እዚያው፣ ሰሌዳ ለጥፎ፣
የለጋሹ አርማ፣ ቀኑ፣ ወጪው ተጽፎ፤
ከሥሩ ጀሪካን፣ ቢጫ፣ ተርታ ለተርታ፣
ለተኛ ባለቤት ይዞለታል ቦታ፤
ነፋስ እንዳይወስደው ጠጠር ውጧል በሆዱ፣
ማንም አይነካውም፤ ይህ ነው የሰልፍ ልማዱ።

«ለግምገማ ነው» ስል፣ ደነገጠች ብርቂቱ፦
«ማን ምን አጠፋና? ስንቴ ነው በዓመቱ?»
ቃሉን ታውቀዋለች፣ ከቀበሌ አዳራሽ፣
አንዱ ሰው ሲሆን ተከሳሽም ከሳሽ።
«ሰው አይደለም» አልኳት፣ «የሚገመገመው፣
ውኃው ነው፣ ቧንቧው ነው፣ ያመጣው ለውጥ ነው።»
«ይገምገም» አለችኝ፣ «ጥፋቱን ያውቃል፤
ሌላ ቤት እንዳለው በሌሊት ይመጣል።»

ገጹን ገለበጥኩት፦ «አመልካች አንድ...» እል፣
«አመልካች እኔ ነኝ!» አቋረጠች ቃል፤
«ማመልከቻ ጽፌ፣ ሦስት ጊዜ ለወረዳ፣
‹ነገ ነይ› ተብዬ ጫማዬ ተጎዳ።
ሁለተኛው አመልካች ጉርሜሳ ነው፣ ጻፈው፣
በአህያ ውኃ ሸጦ ልጆች ያሳደገው፤
ቦኖው የተመረቀ ዕለት፣ ጭብጨባው ሲቀልጥ፣
የእሱም እንጀራ አብሮ ከሪባኑ ሲቆረጥ፣
እሱም አጨብጭቧል፣ ከፊት ቆሞ፣ ከልቡ፤
አህያዋን ሸጦ አሁን በረኛ ነው፣ እዚያ ከግንቡ።
ቧንቧው ሲደርቅ ታዲያ ከየት ይምጣ ውኃ?
አህያም፣ ቧንቧም አጣ የእኛ ሰፈር ድሃ።»

«ተፅዕኖው ምንድን ነው?» ቀጠልኩ ከወረቀት።
«ተፅዕኖ?» አለች፣ «ጭነት ነው? ሸክም ማለት?»
መዝገበ ቃላት ከፍታ የማታውቅ ሴት፣
የግዕዙን ሥር ነካች፤ ዝም አልኩ በሐፍረት።

«እንግዲህ ጻፍ» አለች፦ «ሁለት ዓመት ሙሉ፣
ልጄን ሶሬቲን አልቀደማት ደወሉ፤
ወንዝ አልወረደችም፣ እግሯን ጤዛ አልነካም፣
ጀርባዋን ገመድ አልላጠውም ዳግም።
አሁን ሌሊት ዘጠኝ ትነሳለች ለሰልፍ፣
ደብተሯን ተንተርሳ ትጨርሳለች እንቅልፍ።
ጠቅሟል ወይስ ጎድቷል? አንተው ፍረድበት፤
ያ ሁለት ዓመት ግን ነበረ፤ እውነት ነው፤ ኖርንበት።»

ሣጥኑ ሁለት ነው፤ «አዎ» እና «አይደለም»፣
እርሳሴ መሐሉ ላይ ቆመ፤ አልወረደም።
ከገጹ ግርጌ ግን፣ ሁለት መስመር ቦታ፣
«ሌላ ካለ ይገለጽ» ይላል በዝምታ።
እዚያ ጻፍኩ፦ ሶሬቲን፣ አህያዋን፣ ሌሊቱን፣
ግንቡን፣ የጫማዋን ማለቅ፣ የኖሩትን ሁለት ዓመቱን፤
ፊደሌን አሳነስኩ፣ ኅዳጉን ዞርኩበት፣
ገጹ አለቀና ጀርባው ላይ ቀጠልኩ፣ ሲመሽበት።

ቢሮ ስንመለስ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣
መረጃ አስገቢው ልጅ ገልበጥ አርጎ ሲያይ፣
«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ‹ሌላ› ነው» አለኝ፣
«ለ‹ሌላ› ኮድ አለን።» ጻፈ፦ ዘጠና ዘጠኝ።

ሪፖርቱ ተጠርዟል፤ ሽፋኑ ላይ ፎቶ፣
ቦኖው፣ በምርቃቱ ቀን፣ ውኃው ፈክቶ፤
«ሰባ አንድ ከመቶ ረክተዋል» ይላል።
ቁጥሩ ትክክል ነው። ደምሬዋለሁ። ይሆናል።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነቃለሁ አሁን፣
ማንም ሳይቀሰቅሰኝ፣ ሳልሞላ ደወሉን።
ተነስቼ ቧንቧዬን እከፍታለሁ። ይወርዳል።
እዘጋዋለሁ።
          ጠብታው ግን እስኪነጋ ይቆጥራል።