ባዶው መስመር

ኮሎኔል ትረልቢ ጡረታ ሲወጣ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ባሕር ዞሮ ሲመጣ፣
ሁለት ሣጥን ኒሻን፣ አንድ የሚያነክስ ውሻ
ይዞ ገባ ሄርንዌል፣ በመኸር መጨረሻ።
ተወልዶባት ነበር፤ የሚያውቀው ግን የለም፣
ከመቃብር ድንጋይ በቀር የሚል ሰላም።

እኔ የፖስታ ቤቱ የሚስተር ፔል ልጅ ነኝ፤
በጽሕፈት መኪና፣ በሰዓት ቀጠረኝ።
«የዚህችን መንደር ታሪክ ጻፊልኝ» አለና፣
ሰልፍ ላይ እንዳለ ሰው ይራመዳል ገና።

ሦስት ቁልፍ ያለውን የደብሩን ሣጥን
ከፍተን ስናራግፍ የዘመን አቧራን፦
የማን አሳማ ነው መቃብር የጫረ፣
ትልቁ ደወልስ በማን ተሰበረ፣
አንዱ ማሳ ለምን «ረሃብ ጥግ» ተባለ፣
የወንዙን ዳር ድንበር ማን ሌሊት ነቀለ፣
ስንት ፔኒ ወጣ ለድንቢጥ ጭንቅላት፣
ሁሉን ያስጽፈኛል እንደ ጦር ሪፖርት።
ስለ ራሱ ስጠይቅ ይቆጥራል አገር፦
«በርማ። ማላያ። ቆጵሮስ። እንመለስ ወደ ነገር።»

አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ዝናብ መስኮት ሲመታ፣
አንዲት ገጽ ላይ ደርሶ ቆመ ለአንድ አፍታ።
ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት የሞተ ጸሐፊ፣
ፊደሉ የተወላገደ፣ ቀለሙ ረጋፊ፣
«ሄስተር ፒንኮም» ይላል፣ «ባልቴት፣ ያራት እናት፣
የዳቦ ረብሻ ቀን ወታደር የገደላት፤
ዱቄት ነበር በእጇ፤ በሰሜን ጥግ ቀበርናት።»
ከሥሩ የገዳዩ ሬጅመንት ቁጥር ተጽፏል፤
ያንኑ ቁጥር እሱ ትከሻው ላይ ይዟል፣
ሠላሳ አንድ ዓመት።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አለ፤
ውሻው ተጠጋና እግሩ ሥር ተጠቀለለ።
«ማላያ» አለ ቆይቶ፣ «ጎማ እርሻ፣ ሌሊት ነው፤
አንድ ጥላ ሮጠ፤ ትእዛዙ የኔ ነው።
ሲነጋ አየሁት፤ ሽማግሌ፤ በእጁ ደረቅ ዓሣ፤
‹አንድ ጠላት ሞተ› ብዬ ጻፍኩ፤ ስሙን ማን ያንሣ?
ይሄ ድሃ ጸሐፊ፣ ፊደል ያልጠነቀቀ፣
ስሟን ግን ጠየቀ።»

ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀረ፤ ልጻፈው? ልተወው?
ከዝናቡ በቀር ማንም አልመለሰው።

ኮሚቴው አነበበ፤ ተያየ፤ ሻይ ጠጣ፤
«ለአበባ በዓል ይከብዳል፤ ሄስተር ትውጣ።»
«እሷ ከወጣች እኔም» አለ፤ ኮፍያውን አንሥቶ
ከነውሻው ሄደ በሩን ወለል አርጎ ከፍቶ።
በጡረታው ገንዘብ አርባ ቅጂ አሳተመ፤
ሰባት ተሸጠለት፤ ቀሪው ጓዳ ከረመ።

ገጽ ስድሳ ሦስት ላይ፣ ከሄስተር ስም በታች፣
የታዘዘችውን እጄ ታስታውሳለች፦
«አንድ መስመር ዝለዪ፤ ባዶ ይቅር» አለኝ።
ለምን ብዬ አልጠየቅሁ፤ እሱም አልነገረኝ።
አታሚው ደወለ፦ «እዚህ ጋ ቃል ጎደለ?»
«አልጎደለም፤ ተወው፤ እዚያ ላይ ሰው አለ።»