ስፌቱን ወደ ውጭ

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ሲወረድ፣
ግራ ቀኙ መኪና፣ መሐሉ ጠባብ መንገድ፤
መኪና ግርግር ነው ሰፈሩ በስሙ፣
አባቴም አያቴም እዚህ ነው የደከሙ።
መርፌው ሲወርድ ሲወጣ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ፣
ለኔ ጆሮ ዝናብ ነው፣ እንቅልፍ የሚሰጥ።

ዚያድ ግን፣ ልጄ ግን፣ አምስት ዓመቱ ነው፣
እያንዳንዷ መርፌ እሱን ነው የምትወጋው።

መጀመሪያ አላወቅንም።
ጥጋብ ነው አልን፤ ቅብጠት ነው አልን።
«አሞላቀቅሽው» አልኳት ኢፍቱን፤
«ያንተን ቁጣ ነው የወረሰው» አለችኝ፤
ሁለት ቀን ተኮራርፈን አደርን።

የኢድ ዕለት ነው። ልብሱን ራሴ ሰፋሁት፣
ኮሌታውን በወርቅ ክር ሌሊቱን ያስጌጥኩት።
ለበሰ። ሦስት እርምጃ ተራመደ። ከዚያ ጮኸ።
አዝራሩን በጥርሱ ነቀለ፤
አንገቱን በጥፍሩ ቧጠጠ፤
ቀይ አፈር በተቀባው ነደባ ጠርዝ ላይ
ግንባሩን ደጋግሞ መታ።
እንግዳው ሳህኑን እንደያዘ ቆመ።
«ሼሁ ጋ ውሰዱት፣ ያንብቡበት» አሉ አክስቴ፤
«አለንጋ ነው መድኃኒቱ» አለ አንዱ፣ ከበሩ ላይ ቆሞ።
እኔም (ልዋሽ?) እጄን አነሳሁበት።

ያቺን እጅ ዛሬም እሰፋባታለሁ።

ማታ፣ እንደ ረገበ ክር ወለሉ ላይ ሲዘረጋ፣
የጣለውን ልብስ አንስቼ ገለበጥኩት፣
እንደ ሰው ሥራ በጣቴ ዳሰስኩት፤
ከዚያ በጉንጬ፤ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ በከንፈሬ።
ሠላሳ ዓመት ስሰፋ ውስጡን ጠይቄው አላውቅም፤
ደንበኛ የሚያየው ውጩን ነው፣
ውስጡን የሚያውቀው ቆዳ ብቻ።
ቋጠሮ አለ። የተቆረጠ የናይለን ጫፍ አለ፣
እንደ ቁልቋል ፍሬ እሾህ፣
ዓይን አያየው፣ ጥፍር አያወጣው።
ኢፍቱን ቀስቅሼ «ንኪው» አልኳት።
ነካችው። ምንም አላለችም።
መቀሱን አቀበለችኝ።

ጀጎል ጥግ ጅብ ሲጮህ እሱ አይሰማም፣
አምፖል ጥዝ ካለ ግን ሌሊቱን አይተኛም።
ሩዙ ነጭ ይሁን፤ ወጥ ከነካው፣ የለም።
ጥብቅ አድርገህ ብትይዘው እሺ፣
ብትዳብሰው ግን ላባም ያቃጥለዋል።
ጠጉር መቁረጥ ጦርነት፣ ጥፍር መቁረጥ ድርድር፤
ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋ እዚያ ሸዋ በር፣
መሬት ላይ ይወድቃል፤ ሰው ይከበናል ዙር፦
«የማን ልጅ ነው? አባቱ የት አለ?»
አባቱ እዚህ ነኝ፣ አጠገቡ ተኝቼ፣
በሽርጤ፣ አስፋልት ላይ፣
ክንዴን እንደ ቀበቶ ዙሪያው አሥሬ፣
እስኪመለስ።
አንዳንዴ አይመለስም። አንዳንዴ እኔ ነኝ የማልመለሰው፤
ኢፍቱ መጥታ ሁለታችንንም ታነሳናለች።

ስፌቱን ወደ ውጭ ነው አሁን የምሰፋለት።
ኮሌታ የለው፣ ኪስ የለው፤ ጥጥ፣ አሥር ጊዜ የታጠበ፤
ገበሩ የእናቱ ያረጀ ሻሽ።
አው ቶፊቅ ከፊት ለፊት ሱቅ፦
«አንተ ሰፊ፣ ልጅህ ልብሱን ገልብጦ ይዞራል፤
ገበያህን ትዘጋዋለህ» አለ።
ሳቅሁ።
ቤት ስገባ አልሳቅሁም።

ባለፈው ጁምዓ፣ ቀትር ላይ፣
መንደሩ በሙሉ ወደ መስጂድ ሲሄድ፣
መኪናው ሁሉ ሲተኛ፣ ሲያርፍ መንገዱ፣
ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ቀረሁ።
ዚያድን አዝዬ ሱቄን ከፈትሁ።
ሁለት መዳፉን ጆሮው ላይ ደፍኖ ገባ።
የቆመውን መኪና ዞረው፣ አሸተተው፣
ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ግንባሩን አስደገፈው።
አንዱን እጁን አወረደ።
መንኮራኩሩን ገፋ፣ በአንድ ጣት፣ ቀስ።
ቲክ።
እጁን መልሶ ጆሮው ላይ። ጠበቀ። እኔም ትንፋሼን ይዤ።
ደግሞ አወረደ።
ቲክ።
«እኔ ነኝ» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመኪናው።

ሰጋጁ ሳይመለስ በጓሮው ተሹለክልከን ወጣን።
ቁራጩ ጨርቅ ላይ ሦስት ስፌት ቀረ፣ ጠማማ፣
ክሩ ያልተቋጠረ።
ሰኞ ደንበኛ መጣ፣ ጨርቁን አንሳው አለኝ።
ወደ ጎን ገፋ አድርጌ፣ ልኩን ለካሁ።